ቶሞኤን አዳይቱ ላይ ስለ መግደሌ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልጄ ከወረርሽኙ በኋላ ነው ትላለች፤ ጎረቤቴ ደግሞ የለም፣ አስፋልት ዳር ያሉት ሱቆች ከፈረሱበት ዓመት ቀጥሎ ነው ይላል። እኔ የምምለው ጥቅምት እንደነበር ብቻ ነው። አዋሽ ላይ ሰው ማለዳ ማለዳ ነጠላ ይደርብ ነበር፤ በእኛ ከተማ ያ ብርድ ይባላል። ምንጃር ያሉት ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ ይስቁብኛል።

የምጽፈውም ለእነሱ፣ እንደ እነሱም ሰመራ ወርደው ለማያውቁ፣ ወደፊትም ለማይወርዱ ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልሄድኩ የፊደሉን ስህተት እለፉልኝ። ነገሩን ግን እንደሆነው ነው የምጽፈው። እንደሆነው መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ የተማርኩት በዚሁ ጉዞ ነው።

ሰኞ፣ ከአዋሽ ገዋኔ

አዋሽ ሰባት መጥታችሁ ጋሽ ቸርነት የት ነው ብትሉ የሚያውቀኝ ጥቂት ሰው ነው። ጋሽ ጃፓን ካላችሁ ግን የትኛውም ባጃጅ ደጄ ላይ ያወርዳችኋል። ስሙ የወጣልኝ በጎልማሳነቴ ድልድይ ከሚሠሩ ጃፓኖች ካምፕ ዘበኛ ስለነበርኩ ነው። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ቆየሁና ከቋንቋቸው ሃያ የምትሆን ቃል ያዝኩ። ደህና አደራችሁ፣ ውሃ፣ ቆይ፣ አደጋ አለ፣ ሲሚንቶው አልቋል። ለዘበኛ ይበቃል። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሰው "ጋሽ ጃፓን፣ ጃፓንኛ ትችላለህ አይደል?" ሲለኝ "እንዴታ!" እል ነበር። ማን ይፈትነኛል? ሠላሳ ዓመት ያህል ማንም አልፈተነኝም።

እንግዲህ አንድ ቀን አቶ በላይነህ የሚባል ሰው ማኅደር በብብቱ ይዞ ቤቴ መጣ። የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። አንዲት ጃፓናዊት የባድሜንተን ተጫዋች፣ የጥንድ ጨዋታ ባለሙያ፣ ሰመራ ላይ ለተማሪዎች ጨዋታ ልታሳይ ትመጣለች አለኝ። ባድሜንተን ማለት መረብ ወጥሮ ላባ ያላት ትንሽ ኳስ በቀጭን ራኬት ወዲያና ወዲህ መምታት ነው። ኳሷ መሬት ከነካች አለቀ። ጥንድ ማለት ደግሞ በአንድ ወገን ሁለት ሰው ሲቆም ነው።

"ደብዳቤው አስተርጓሚ ያስፈልጋል ይላል" አለኝ። "እርስዎ እያሉ ከሩቅ አናመጣም።"

ያን ጊዜ አልችልም ማለት ነበረብኝ። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ለእሷም ሠላሳ ዓመት እንዴታ ስላት ኖሬያለሁ። "እንዴታ" አልኩ።

መኪናዋ ላንድክሩዘር ነች። የከተማችን የስፖርት መምህር፣ እንግሊዝኛም ጨዋታውንም የምታውቅ ልጅ፣ ቦርሳዋን ይዛ ጠዋት መጥታ ነበር። ቦታ ጠፋ። ከእንግዳዋና ከእኔ በቀር ኮሚቴው አራት ሰው ነው። አንዱ ሰብሳቢ፣ አንዱ ምክትል፣ አንዱ ፎቶ አንሺ፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ሰመራ እስክንደርስ ተኝቶ ነው የሄደው። መምህሯ "ታዲያ እዚያ ማን ሊጫወት ነው?" ብትል አቶ በላይነህ "ጨዋታው እኮ የፕሮግራሙ አንድ ክፍል ብቻ ነው" አላት። አዋሽ ላይ ትተናት ሄድን።

እንግዳዋ ፉሚኖ ትባላለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ጉልበቷ ላይ ፋሻ ያሰረች። በጃፓንኛ ደህና አደርሽ አልኳት። ፊቷ በራና የሆነ ረጅም ነገር ተናገረች፤ እንደ ፏፏቴ ወረደብኝ። አቶ በላይነህ ዞር ብሎ "ምን አለች?" አለ።

"በጣም ደስ ብሎኛል ትላለች።"

"ይህ ሁሉ ለዚያ ነው?"

"ጨዋ ሕዝብ ናቸው" አልኩ።

ፉሚኖ ግን ሞኝ አልነበረችም። አዋሽ አርባ ሳንደርስ ገብቷታል። ፈገግ አለች፤ ከዚያ በኋላ በእጇና በትንሽ ደብተር ላይ እየሣለች ታወራኝ ጀመር። በስልኳ የሚተረጉም ነገር ነበራት፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ እሱም ዲዳ ሆነ። አላጋለጠችኝም። ኮሚቴው ባየን ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔም እነቀንቃለሁ።

ኬላ ላይ ፈታሹ ረጅሙን ቦርሳዋን አይቶ "ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"መምቻ ነው" አልኩት።

"ማንን ነው የምትመታው?"

"ላባ።"

ፈታሹ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ሙቀቱን አሰበና እለፉ አለን።

ገዋኔ ያደርንበት ቤት አልጋውን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ይደረድራል። በምንጃር ሰው ውጭ ካደረ ከቤቱ ተጣልቶ ነው፤ ገዋኔ ላይ ግን ቤት ውስጥ የሚተኛው የታመመ ብቻ ነው። ባለቤትየዋ ለሁላችንም አጎበር ዘረጋችልን። ፉሚኖ አጎበሩን አየችና ሳቀች። አንዱን ፈትታ በሁለት አልጋ መካከል ወጠረችው፣ ጀምበሯ ሳትጠልቅ ራኬት አስያዘችኝ። ኳሷን ወደ እኔ ትልካለች፣ እኔ አየሩን እመታለሁ። የአየሉ ተራራ ከጀርባዬ ቆሞ ያየኛል። ባለቤትየዋ "አባባ፣ ትንኝ ነው የሚያባርሩት?" አለችኝ።

ከእራት በፊት ፉሚኖ በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። በአንዱ እሷና ሌላ ሴት፣ ረዘም ያለች፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ሜዳሊያ ነክሰዋል። በሌላውም ያቺው ረጅሟ ሴት ናት፤ በሁሉም አብራት አለች። በጣቴ ወደ ሴትዮዋ ጠቆምኩና እጄን ዘርግቼ፣ የት አለች? አልኳት። ፉሚኖ ስልኩን ዘጋች። እጇን ወደ ሩቅ ወረወረች፣ ከዚያ ደረቷ ላይ አኖረችው። ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ አዳይቱና ሚሌ

ሹፌራችንን አላነሳሁላችሁም። ሁመድ ይባላል፣ አፋር ነው፤ አዋሽ ተወልዶ ያደገ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ነገር የማያበዛ ሰው። እኔን "ጋሼ" ይለኛል። አዳይቱ መግቢያ ላይ ጎማችን ተነፈሰና ወረድን። ከመንገዱ ዳር፣ ወያኔ ከሚባለው እሾሃማ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ሁመድ ጎማውን ሳይነካ መጀመሪያ ወደ እነሱ ሄደ።

ዳጉ የምትባለውን ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ብሎ አያልፍም። ይቀመጣል። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማ አንድ በአንድ ይናገራል። ከዚያ ተራው የሌላው ነው። የውሃው፣ የግጦሹ፣ የታመመው፣ የተወለደው ወሬ እንደዚህ ነው የሚሄደው። እኛ ምንጃሮች ወሬ ስንቀባበል ትንሽ ቅመም እንጨምራለን፤ ካልጨመርን ሰሚው ይቀየማል። እዚህ ቅመም የለም። ያልሆነውን የተናገረ ሰው ሰላም ይባላል እንጂ ከዚያ በኋላ አብሮት የሚቀመጥ አያገኝም።

ዋናው ሽማግሌ ሐጂ ኤሌማ ይባላሉ። ፂማቸው በሂና ቀልቷል፤ አማርኛ ጥሩ ይሰማሉ፣ ሲናገሩ ግን በሁመድ በኩል ማለፍ ይወዳሉ። ፉሚኖን አዩና ዜናዋን ጠየቁ። ሁመድ ወደ እኔ ዞረ። አቶ በላይነህም ከኋላዬ መጥቶ እጁን አጣምሮ ቆመ። ከኔ አፍ ጃፓንኛ እንዲወጣ የሚጠብቁ ሰባት ሰዎች ነበሩ።

ወደ ፉሚኖ ዞሬ በጃፓንኛ "ሲሚንቶው አልቋል" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? እሷ እጅ ነሳች።

ከዚያ የማውቀውን ተናገርኩ። ከሩቅ አገር ናት፣ ላባ ትመታለች፣ ሁለት ሆነው ነው የሚጫወቱት፣ ሜዳሊያ አላት። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ሐጂ ኤሌማ አሰቡና በሁመድ በኩል "ሁለት ሆነው ነው ካልክ ሁለተኛዋ የታለች?" አሉ።

አላውቅም ማለት ትችላለህ፣ ቸርነት። አንዲት ቃል ናት። ግን ሠላሳ ዓመት እንዴታ ያለ አፍ አላውቅምን አያወጣም።

"ሞተች" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተንቀሳቀሱ። "ማን ነገረህ?" አሉ ሐጂ።

"ራሷ ነገረችኝ።"

ሁመድ አንድ ጊዜ አየኝና ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ ወደ አፋርኛ መለሰው። ሐጂ ኤሌማ እጃቸውን ዘርግተው "አላህ ይርሐማት" አሉ፤ የፉሚኖን እጅ ይዘው ብዙ ቆዩ። ፉሚኖም ደግ ሰላምታ መስሏት በሁለት እጇ ያዘቻቸው። ከዚያ ጎማው ተቀየረና ሄድን። ጎማውን ለመቀየር ሩብ ሰዓት፣ ዳጉው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ሚሌ የደረስነው ለምሳ ነው። ሚሌ የከባድ መኪና ከተማ ናት፤ ከጅቡቲ የሚመጣውም ወደ ደሴ የሚታጠፈውም እዚያ ይበላል። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ፈልገን ገባን። ባለቤቷ ወይዘሮ ሙሉ ከወሎ የመጣች ሴት ነች። ፉሚኖን ገና ስታይ ወንበሯን ትታ ሮጣ አቀፈቻት፤ "እኔ ልሙትልሽ፣ እህቴ! ነፍስ ይማር!" እያለች አለቀሰች።

ለካ ከአዳይቱ የወጣ ከባድ መኪና ወሬውን ይዞ ቀድሞን ነበር።

ወይዘሮ ሙሉ ጥብስ አቀረበችና ሒሳብ አልቀበልም አለች። "ሐዘንተኛ ይበላል እንጂ ይከፍላል እንዴ!" ኮሚቴው ይህን ሲሰማ ድጋሚ አዘዘ። ያ የተኛውም ሰው ነቅቶ በላ። ፉሚኖ ግን ነገሩን በራሷ መንገድ ተረዳችው፤ በዚህ አገር ሰላምታ ማለት አንገት ደፍቶ፣ ቅንድብ ሰብስቦ፣ የሰው እጅ ይዞ መቆየት ነው ብላ ደመደመች። ከዚያ በኋላ ያገኘችውን ሰው ሁሉ፣ ነዳጅ ቀጂውን ጭምር፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ሰላም ትለው ጀመር። ነዳጅ ቀጂው ባርኔጣውን አወለቀ።

ሰመራ ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። እንኳን ደህና መጡ የሚለው ጨርቅ ዳርና ዳሩ ላይ ጥቁር ተሰፍቶበታል።

ረቡዕ፣ ሰመራ

ሰመራን ለማታውቋት፣ መንገዷ ሰፊ፣ ሕንጻዋ አዲስ፣ ዛፏ ትንሽ ናት። አዋሽ ይሞቃል እንል ነበር፤ አዋሽ ለካ ደጋ ነው። ነፋሱም አለ፤ ፊትህ ላይ የምድጃ በር የሚከፍት ነፋስ። ለባድሜንተን ያዘጋጁት ሜዳ ገላጣ ነበር። ጠዋት ፉሚኖ አንዲት ኳስ ወደ ላይ ብትመታ ኳሷ በነፋስ ሄደች፤ ሄደች፤ ወደ አፋምቦ ነው የሄደችው፣ አላገኘናትም።

በኋላ ሰዎች ወዳረፍንበት ቤት ለለቅሶ መጡ። አፋሮች ፍየል አርደዋል፤ እኔ ሃይማኖቴ ስለማይፈቅድ ያንን ሥጋ አልነካም፣ ደግሞም ረቡዕ ጾም ነው። ይህን አውቀው ሳልጠይቃቸው ደረቅ ዳቦና ተምር አስቀምጠውልኛል። እኔ በዋሸሁት ሞት ለእኔ የጾም ምግብ ያስባሉ። ዳቦውን መልሼ አስቀመጥኩት።

ሲስተር ሐዋ የምትባል ነርስ ከሰዎቹ ጋር ነበረች፤ የአፋምቦ ልጅ ናት፣ እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ነው። ፉሚኖም እንግሊዝኛ ትሰማለች። ሐዋ አጠገቧ ተቀመጠችና በዝግታ አነጋገረቻት። ሁሉም ሰው ስለ ሞተችው ጓደኛዋ እያዘነ እንደሆነ ነበር የነገረቻት።

ፉሚኖ መጀመሪያ አልገባትም። ደግማ ጠየቀች። ከዚያ ፊቷ እንደ ኖራ ሆነ። ስልኳን አወጣችና ደወለች፤ ዝግ ነው። ደወለች፤ ዝግ ነው። ከወንበሩ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። 

ተነሣሁ። "ሲስተር፣ ውሸት ነው" አልኩ። "የገደልኳት እኔ ነኝ።"

ለቅሶ ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዱ ፖሊስ ጭምር ተነሣ።

"በአፌ ማለቴ ነው! አዳይቱ ላይ ሲጠይቁኝ ሞተች አልኩ። ማንም አልነገረኝም።"

ሐዋ ዓይኗን አጠበበች። "እና በሕይወት አለች?"

"እሱንም አላውቅም።"

"አባባ! አለች ወይስ የለችም?"

"አላውቅም፣ ልጄ። ከመጀመሪያውም አላውቅም ነበር።"

ሐዋ ተረጎመችላት። ፉሚኖ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ለሐዋ ብዙ ነገር ነገረቻት፣ ሐዋም ለእኛ። ሴትየዋ ቶሞኤ ትባላለች። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው አንድ ድርጅት ቀጠራቸው፤ በጃፓን ድርጅት ተጫዋች ይቀጥራል፣ ጠዋት ቢሮ ስልክ ያነሳሉ፣ ከሰዓት ላባ ይመታሉ። አሠልጣኙ ሳይጠይቃቸው አጣመራቸው። አይዋደዱም ነበር፤ ግን አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ክፍል ተኙ፣ አገር ለአገር ዞሩ፣ ፉሚኖ ከፊት ቶሞኤ ከኋላ ሆነው ተጫወቱ፤ ተዋደዱ። በመጨረሻው ግጥሚያቸው ኳሷ በሁለቱ መካከል ወደቀች። ሁለቱም ሊመቷት ይችሉ ነበር። ሁለቱም አልመቱም። ፉሚኖ ዞራ ቶሞኤን አየቻት፣ ያ አስተያየት ያንቺ ነበረች የሚል ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። ወደ ሰመራ ሁለቱም ተጠርተው ነበር፤ ቶሞኤ አልመጣም ብላለች።

ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠን ተቀመጥን። ሃምሳ ሰው አንዲት ስልክ እያየ። እኔ በልቤ ስንት ታቦት እንደጠራሁ እግዜር ያውቃል። ብዙ ከቆየን በኋላ ስልኩ ጮኸ። ፉሚኖ አነሳችው፣ ሰማች፣ ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ሐዋ አንስታ አዳመጠች፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጠች፤ ከዚያ ሳቅ ይዟት መናገር አቃታት።

"ሟቿ ናት" አለች። "ሰመራ አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ፣ ማን ይቀበለኛል እያለች ነው።"

ሁመድ እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ቶሞኤ ከበሩ ውጭ በሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፉሚኖ ሮጠች፤ ጉልበቷ እያመማት እንኳ ሮጠች። ስትደርስ አላቀፈቻትም። በጡጫ ትከሻዋን መታቻት፣ ደግማ መታቻት፣ ከዚያ አቀፈቻት። ቶሞኤ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ እሺ እሺ የምትል ይመስላል።

አሁን ስለ አቶ በላይነህ ልንገራችሁ። "እሰይ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ፍቱት" ስንለው ማኅደሩን ከፈተ። "የኅሊና ጸሎቱ ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ነው። ፕሮግራሙ ጸድቋል" አለ።

"ሟቿ እኮ መጣች!" አለችው ሐዋ።

"በእንግድነት ተራ ቁጥር ስድስት ላይ እንጨምራታለን።"

እናም ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ቆመን ለቶሞኤ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አደረግን። ቶሞኤም ከፊት ረድፍ ቆማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ከሁላችንም ይልቅ በጨዋነት ጸለየችላት። ፎቶ አንሺው አነሳት።

ሐሙስ፣ አዳራሹ

ነፋሱ ስላልተቻለ ጨዋታው ወደ መሰብሰቢያ አዳራሽ ገባ። አዳራሹ ጣሪያው ላይ ትልልቅ ማራገቢያ አለው። ማራገቢያው ከዞረ ኳሷን ይወስዳታል፣ ካልዞረ ሰው ይወድቃል። ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ፤ ለንግግር ይዞራል፣ ለጨዋታ ይቆማል። ንግግሩ ሁለት ሰዓት ሄደ፣ ጨዋታው ሃያ ደቂቃ። ግን እነዚያ ሃያ ደቂቃዎች! ሁለቱ ሳይተያዩ ይተላለፋሉ፤ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ቦታዋን ሞልታ ትገኛለች። ተማሪዎቹ በጩኸት ጣሪያውን ሊያነሡት ነበር።

እኔ ግን ዓይኔ ሁመድ ላይ ነበር። ጠዋት ሻይ ቤት አብረን ገብተን ሳለ የአክስቱ ልጅ መጣ፣ እጁን ጨበጠው፣ ሰላም አለውና ሌላ ጠረጴዛ ሄዶ ተቀመጠ። ሁመድ ስኳሩን ብዙ አማሰለ። ወሬው አዳይቱ ላይ የወጣው ከእሱ አፍ ነው። ሐጂ ኤሌማ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ከሁመድ ሰማሁ ነው የሚሉት። እኔ ምንጃሬ ነኝ፣ ይተዉኛል፤ እሱ የት ይሄዳል?

"ሁመድ፣ ለአክስትህ ልጅ፣ ያ የምንጃሩ ሽማግሌ ነው የዋሸው በለው እንጂ" አልኩት።

"ጠየቀኝ እንዴ፣ ጋሼ?" አለኝ። "ሰላም ነው ያለኝ።"

አቶ በላይነህ ሲሰማ "ቀላል ነው፣ የእርማት ደብዳቤ በማኅተም እንልካለን" አለ። ሁመድ ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ለማን ነው የሚደርሰው? ለወያኔው ዛፍ?"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አልኩ።

"የወጣበት ሄዶ ነው የሚመለሰው። ያወጣው ሰው በእግሩ ሄዶ።"

"እሄዳለሁ" አልኩ። ሐዋ ለሁለቱ ሴቶች ነገረቻቸው። ቶሞኤ ነገሩን ሁሉ ያን ጊዜ ነው የሰማችው። እስክትጨርስ አዳመጠች፤ እኔን አየችኝ፣ ጥቂት ሳቀች፣ ሻንጣዋንም ወደ መኪናው አስገባች። ሐዋም ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ አብራን ልትሄድ ሆነ። ኮሚቴው የመዝጊያ ምሳ ስላለበት ሰመራ ቀረ። ለዚህ ጉዞ ቦታ ሞልቶ ነበር።

ዓርብ፣ አዳይቱ

ሚሌ ላይ ወይዘሮ ሙሉ ቶሞኤን ስታይ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ከዚያ እኔን በማማሰያ አባረረችኝ፤ ከዚያ ሽሮ አበላችን። ያኛው ቀላሉ ነበር።

አዳይቱ የደረስነው ሰዎቹ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሳሉ ነው። ዛፉ ሥር ቆየናቸው። ሐጂ ኤሌማ መጡ፤ ሁለቱን ሴቶች አዩ፤ ዓይናቸው ቶሞኤ ላይ ቆየ። ሰላምታ ተሰጣጠን። ሁመድ ቆሞ ቀረ፣ አልተቀመጠም። እኔም ቆምኩ። 

ሐጂ በዚያ ቀን በሁመድ በኩል አልተናገሩም፤ በቀጥታ በአማርኛ ነው።

"ሁመድ፣ ባለፈው የሰጠኸኝን ወሬ ከማን ሰማህ?"

"ከእኛ ነው የወጣው፣ ሐጂ።"

"ከእናንተ፣ ከማን?"

"ከእኛ። አንድ መኪና ውስጥ ነበርን።"

"እኔ ነኝ፣ ሐጂ" አልኩ። "እሱ የሰማውን ነው የተናገረው። እሷም ሞተች አላለችኝም። ማንም አላለኝም። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። ጃፓንኛም አልችልም፤ ያን ዕለት በፊታችሁ የተናገርኩት ሲሚንቶው አልቋል የሚል ነው።"

ሐዋ ፊቷን ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐጂ ግን አልሳቁም።

"አላውቅም እኮ ወሬ ነው" አሉ በዝግታ። "ሁለተኛዋ የት እንዳለች አይታወቅም ብለህ ብትሰጠኝ፣ እንደዚያው እሰጥ ነበር። መንገድ ላይ አንድ የሚያውቅ ይገኛል፣ ይሞላዋል። አንተ ግን ሞልተህ ሰጠኸኝ። የተሞላ ዕቃ ላይ ማን ይጨምራል?"

እሳቸው ወደ ቶሞኤ ዞረው እንድትቀመጥ አመለከቷትና ወሬዋን ጠየቁ። በሐዋ በኩል ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የተጣመሩበትን፣ የዞሩበትን አገር፣ ያቺን በመካከላቸው የወደቀች ኳስ፣ የአንድ ዓመቱን ዝምታ፣ ብቻዬን ቀርቼ ከምጸጸት ልሂድ ብላ በድንገት አውሮፕላን መሳፈሯን። ሐጂ ሳያቋርጡ ሰሙ።

"እስቲ ልረዳ" አሉ። "መሬቱ የሌላ ሰው ነው። ሳር የለበትም። ውሃ የለበትም። በእሱ ላይ አንዲት ላባ ወደቀች፣ በዚህ የተነሣ አንድ ዓመት ሙሉ ተኮራረፋችሁ?"

ሐዋ ተረጎመች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፣ ቶሞኤ አዎ አለች።

"ወላሂ፣ እኛ ስንጣላ ቢያንስ የውሃ ጉድጓድ አለ" አሉ ሐጂ፤ ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ሴቶቹም ሳቁ። እኔ አልደፈርኩም።

በዚህ መካከል አንድ ሰው ግመሎቹን ከመንገዱ አሻግሮ ወደ ጥላው መጣ። ሰላምታ ሰጠና ቁጭ አለ። ሐጂ ኤሌማ አፋቸውን አልከፈቱም። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። እኔ ልናገር ነው። ከጎናቸው ያለውን መሬት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ተቀመጥኩ። ሁመድም ከአጠገቤ ተቀመጠ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩና ያየሁትን ተናገርኩ፤ ሁመድ ወደ አፋርኛ ይመልሰዋል፤ ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም። ሞተች የተባለችው ሴት ይችውና፣ በሕይወት ናት። ሞተች ያልኩት እኔ ነኝ። ትናንት ሰመራ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ስትጫወት በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ሰማና አንድ ነገር ጠየቀ።

"ከዚህ ወዴት ይሄዳሉ ነው የሚለው" አለኝ ሁመድ።

አሰብኩ። አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጃፓን የሚል መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያማረም ነበር።

"አላውቅም በለው" አልኩ።

ሁመድ መለሰለት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ግመሎቹን ይዞ ወሬውን ወደ ሰሜን ወሰደው። ሐጂ ዓርብ ጾም መሆኑን አስበው ወተት የሌለበት ሻይ አስመጡልኝ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሐጂ በእጃቸው ለሁመድ ሰጡት፤ ልጆቹንና የአክስቱን ልጅ በስም እየጠሩ ደህንነታቸውን ጠየቁት፤ ብዙ አወሩ። እኔ ያንን አልሰማሁም፣ አፋርኛ አልችልም።

አዋሽ ከገባሁ በኋላ ባጃጆቹ አሁንም ጋሽ ጃፓን ይሉኛል። ጃፓንኛ ትችላለህ ለሚለኝ አልችልም እላለሁ፤ የሚያምነኝ ግን የለም፣ ትሕትና ነው ይላሉ። እኔን ከዚያ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ያነሳኝ ሰው ግን አዋሽ ውስጥ አለ፤ ብታገኙት ሰላም በሉልኝ። ሹፌር ነው። ሁመድ ያዮ ይባላል።